ከጧፍ እስከ ባትሪ፦ የአርብ ገበያ መንገደኛ ምን ይዞ ይውጣ?

ታሪካችን የቀን ታሪክ ነው። ማን መቼ ነገሠ፣ የት ተዋጋ፣ ምን አሠራ፤ ሁሉም ፀሐይ ላይ የተፈጸመ ይመስላል። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ስለ መድፉ ክብደት፣ ስለ ገደሉና ስለተጠረገው መንገድ ብዙ ተጽፏል። ያ ሁሉ ሠራዊት ከመሸ በኋላ በምን ብርሃን ይተያይ ነበር ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም ነው።

እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ይህንን አምኖ የተቀመጠ ነው፤ 12 ለቀን፣ 12 ለሌሊት። ስለዚህ የሌሊቱን ነገር ትቶ የሕዝብ ታሪክ ጻፍኩ ማለት ግማሹን ዕድሜ መዝለል ነው።

ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ስለዚሁ ግማሽ ዕድሜ ነው፤ በተለይም በእጅ ስለሚያዘው ብርሃን፣ ስለ እጅ ባትሪ። ርዕሱ ያነሰበት አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። ታች ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ቀኗን ይናገራል። ጋይንትም ሆነ ስማዳ፣ እስቴም ቢሆን የገደልና የሸለቆ አገር ነው። ከቆላው ተነሥቶ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ፍየሉን እየነዳ ገበያ በጊዜ ልድረስ የሚል ሰው ዶሮ ሳይጮህ ይነሣል። ሸጦ ሸምቶ ሲመለስም ይመሽበታል። ለዚህ ሰው ባትሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ገደልና ዱካ የሚለይበት ዓይኑ ነው። ዓይን የሚገዛ ሰው ደግሞ ምን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት።

ከባትሪ በፊት

ከቋንቋችን እንጀምር። ለብርሃን ያሉን ቃላት የትኛው ዕቃ በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራሉ። ጧፍ፣ ችቦ፣ ጭራሮ የቤት ናቸው። ሻማና ፋኖስ በዐረብኛ በኩል የመጡ ሲሆኑ ፋኖስ ከዐረብኛም አልፎ ሥሩ ግሪክ ነው። አምፖልና ባትሪ ደግሞ ከፈረንጅ አፍ የተቀበልናቸው ናቸው። አንድ ጎጆ ውስጥ እነዚህን ሁሉ ቃላት የሚያውቅ ሽማግሌ ማግኘት ማለት የብዙ ዘመን የብርሃን ታሪክ በአንድ ሰው አንደበት ማግኘት ማለት ነው።

ጧፉ የሰም ነው፤ ሰሙም የንብ። ንብ በሚያነባ አገር ጧፍ ማጣት አይታሰብም፤ ዋነኛ ቦታው ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያው የቤተልሔም አገር መሆኑን ልብ ይሏል። ማኅሌቱ የሚቆመው ሌሊት ነው። የቆሎ ተማሪውም ቀን ከመጽሐፍ ያየውን ሌሊት በቃሉ ይከልሳል። ብርሃን በሌለበት ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮና ቃል ሥራውን ተረከቡት። ጨለማው ትምህርቱን አላስቀረም፤ የትምህርቱን መልክ ግን ወስኗል።

ችቦ ደግሞ የብቻ ብርሃን አይደለም። በቡሄ ዋዜማ እንደምናየው ችቦ የሰፈር ነው፤ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እጅ ያቃጥላል። ኩራዝ ከቤት አይወጣም፤ ነፋስ አይወድለትም፤ ጭሱም የሚያነበውን ልጅ አፍንጫ ያጠቁራል። ብርሃኑ ቢለካ ከአንድ ሻማ ብዙም አይርቅም። ፋኖስ ብርጭቆ ስላለው ደጅ ይወጣል፤ ግን ላምባው ካለቀ ጌጥ ነው። ማሾ ለሠርግና ለመጠጥ ቤት እንጂ ለመንገደኛ አይሆንም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ አንድም በዝናብ የሚሄድ፣ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚያነጣጥሩት፣ ሲፈልጉ አጥፍተው ኪስ የሚከቱት አልነበረም። የእጅ ባትሪ ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ይህ ነው።

“ብልጭታው” ከየት መጣ?

ዕቃው ሊወለድ የቻለው ደረቅ ባትሪ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የኤሌክትሪክ ምንጭ ፈሳሽ የተሞላ ማሰሮ ነበር፤ ማሰሮ ይዞ ገደል መውረድ ደግሞ አይቻልም። ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1886 የማይፈስ ደረቅ ባትሪ አስመዘገበ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1899፣ ዴቪድ ሚሰል የተባለ ፈልሳፊ ድንጋዮቹ በቱቦ ውስጥ ተደርድረው ጫፉ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ ያለበትን መሣሪያ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አገኘበት። ሥራውን ወደ ገበያ ያወጣው ከሚንስክ ተሰዶ ኒውዮርክ የገባው ኮንራድ ሁበርት ነው፤ የእሱ ኩባንያም በኋላ ኤቨርሬዲ በሚል ስም ታወቀ።

የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ግን ሰነፎች ነበሩ። ድንጋዩ ደካማ፣ የአምፖሉም ክር ኃይል አባካኝ በመሆኑ ብርሃኑ ያለማቋረጥ መቆየት አይችልም ነበር። ብልጭ አድርጎ ማሳረፍ ግድ ነበር። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ዕቃው “የብልጭታ ብርሃን” የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1910 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተንግስተን ክር ሲስፋፋ ብርሃኑ ረጋ፤ የእጅ ባትሪም መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ዕቃ ሆነ።

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ የእጅ ባትሪ ችግር አምፖሉ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩም ነው። ዛሬም ቢሆን ስለ ብርሃን የሚዋሽ ሻጭ የሚዋሸው ስለ ድንጋዩ ነው። እንመለስበታለን።

የድንጋይ ዘመን

እኛ ዘንድ ሲደርስ ስሙ ተገለባበጠ። በሌላው ዓለም “ባትሪ” የሚባለው ኃይል ሰጪው ነው። እኛ ግን መብራቱን ባትሪ፣ ኃይል ሰጪውን “የባትሪ ድንጋይ” አልነው። ባለ ሁለት ድንጋይ፣ ባለ ሦስት ድንጋይ እየተባለ የመብራቱ ማዕረግ በሆዱ ስፋት ይለካ ጀመር። ባለ ሦስቱ ከብርሃኑ ሌላ እንደ ዱላም ያገለግላል፤ ጅብ ለሚያስፈራው መንገደኛ ሁለት ጥቅም በአንድ ዋጋ ነው።

ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከምድጃ ዳር ማሞቅ የማያውቅ የገጠር ልጅ አለ? ነገሩ ተረት አይደለም። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ያፋጥነዋል፤ ዕረፍትም ትንሽ ያገግመዋል። ያገኘነው ግን ጭላጭ እንጂ አዲስ ኃይል አይደለም። ሲሞትም አይጣልም ነበር። ተሰብሮ ጥቁር ዱቄቱ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ሆኗል። ብርሃን መስጠት ሲያቅተው ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ፊደል አስቆጠረ ማለት ነው።

የዚህ ድንጋይ አንድ ጠባይ ግን ብዙ ባትሪ ገድሏል። ውጪያዊው የዚንክ ቆርቆሮ ማሸጊያ ብቻ አይደለም፤ ኃይል የሚሰጠውም እሱ ራሱ ነው። ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ገላውን ይበላል። በመጨረሻ ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ይቀደዳል፣ ያፈሳል፤ የፈሰሰውም ሞላውንና የነሐሱን መገናኛ ያዝጋል። “ባትሪዬ ሳልነካው ሞተ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሞተበት ባትሪው አይደለም፤ ውስጡ ረስቶት የከረመው ድንጋይ ነው። ለክረምት የሚቀመጥ ባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ።

ርካሹ አብዮት

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ድምፅ አልነበረውም። ቀይ ብርሃን የምትሰጥ ቅንጣት እ.ኤ.አ. በ1962 በኒክ ሆሎንያክ ተሠርታ ነበር። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊዋ የግድ አስፈለገች፤ እሷም ሠላሳ ዓመት ፈጀች። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ጃፓን ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳኩት፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ ኤልኢዲ የምንለው እሱ ነው። ክር የለውም፤ ስለዚህ ሲወድቅ አይበጠስም። ከአሮጌው አምፖል ጋር ሲነጻጸርም ከአንድ ድንጋይ ብዙ እጥፍ ብርሃን ያወጣል።

ወደ ጋይንት ያደረሰው መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውና በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፈው መንገድ የተሠራው በቻይና ብድርና ባለሙያ ነው፤ ብድሩም የተገኘው ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ ነው። መንገዱ አልቆ ዓመታት ካለፉ በኋላ የቻይና ባትሪ፣ የቻይና ሬዲዮና የቻይና ሞባይል ተጭነው መጡበት። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 የተባለ ስልክ ጫፉ ላይ ባትሪ ነበረው፤ ኩባንያው ገዢው ማን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ፣ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አነሣ። ላምባም ተወደደ። በአንድ በኩል ላምባ ሲወደድ በሌላ በኩል ባለ ኤልኢዲ መብራት ሲረክስ ኩራዝ መካከል ላይ ተያዘ። በ2004 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር በጀመረው የገጠር ቤተሰብ ጥናት መጠይቅ ላይ “ዋናው የብርሃን ምንጫችሁ ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ ከኩራዝና ከማገዶ ጎን ማብሪያ ማጥፊያ ያለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መብራት ለብቻው አንድ መልስ ሆኖ ተቀምጧል። የመንግሥት መጠይቅ ውስጥ የራስን መስመር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪ የመንገደኛ ዕቃ መሆኑ አብቅቶ የቤት መብራት መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ይህ አብዮት ዘመቻ አልነበረውም፤ ፕሮጀክትም አልነበረውም። ሰው ገበያ ወጥቶ፣ መርጦ፣ ገዝቶ ነው የቀየረው። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በ2009 እ.ኤ.አ. በኬንያ ከተሞች ርካሽ ባለ ኤልኢዲ ባትሪዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ብልሽት እንደገጠማቸው አገኙ። የከፋው ጉዳት ደግሞ ከገንዘቡም ያልፋል። አንዴ የተታለለ ገዢ ጥሩውንም አያምንም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ካርቶኑ ምን ይላል?

የጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ነገር አስተምሮናል፦ “ማን አለ?” ብሎ መጠየቅ። የባትሪ ካርቶን ምንጭ የማይጠቅስ ዜና ነው። ስለዚህ እንደ ዜና እንመርምረው።

አንደኛ፣ ብርሃኑ። ካርቶኑ ላይ “ሉመን” የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ከመብራቱ የሚወጣው የብርሃን ጠቅላላ ድምር ማለት ነው። ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ለእግር መንገድ ከ50 እስከ 100 ሉመን ይበቃል። ከብት ለመፈለግና ሰብል ለመጠበቅ 200 ወይም 300 ቢሆን መልካም ነው። “10,000 ሉመን” የሚል ትንሽ ባትሪ ካያችሁ ሒሳቡን እንሥራ። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ቢሰጥ 10,000 ለማውጣት 100 ዋት ያስፈልጋል። የተለመደችው፣ 18 ሚሊ ሜትር ወርድና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ሊቲየም ባትሪ የምትይዘው ኃይል 11 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ለሰባት ደቂቃ እንኳ አይበቃም፤ እሱም እጅ ካላቃጠለ። ቁጥሩ ሐሰት ነው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አምራቾች የተስማሙበት የመለኪያ ደንብ አለ። በዚያ ደንብ “200 ሜትር” ማለት በ200 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ጨረቃ የምትበቃው ሰው ይስማማበት፤ ነገሩን ለይቶ ማየት የሚሻ ግን የቁጥሩን ግማሽ ይቁጠር። በግማሹ ርቀት ብርሃኑ አራት እጥፍ ነውና።

ሦስተኛ፣ ዕድሜው። በዚያው ደንብ “10 ሰዓት ይሠራል” ማለት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ዝቅ ማድረጊያ ያለውን ምረጡ። ዝቅ ብሎ ሌሊቱን የሚያድር ደምቆ በሰዓት ከሚሞት ይበልጣል።

አራተኛ፣ ድንጋዩ። ከላይ የጠቀስናት ሊቲየም ባትሪ እውነተኛዋ ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት እምብዛም አትዘልም። ላይዋ 9,900 ተብሎ የተጻፈባት ውሸቷን ነው። ቀድሞ በብዛት የገቡት፣ በግድግዳ ሶኬት የሚሞሉት ርካሽ ባትሪዎች ሆዳቸው ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ነበር፤ ባዶውን ከከረመ አይነሣም። መብራት ሩቅ ለሆነበት ሰው በሶላር የሚሞላ፣ ወይም በየሱቁ የሚገኘውን ተራ ድንጋይ የሚቀበል ባትሪ ይሻላል። የትም የማይገኝ ድንጋይ የሚጠይቅ ባትሪ በቅሎ ያለ ገብር ነው።

አምስተኛ፣ ጥንካሬው። ደንቡ ቢያንስ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ የሚሠራ መሆኑን ይፈትናል። ውሃን በተመለከተ 4 ቁጥር ያለበት ምልክት የዝናብ ፍንጣቂን፣ 7 ቁጥር ያለበት በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቆየትን ያሳያል። ክረምት ላይ ጅረት ለሚሻገር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምልክቱን ማንበብ ካልተቻለ ጀርባውን ፈትቶ ማየት ይቻላል፤ ጥርሱ ሳይንሸዋረር ይገባል? የጎማ ቀለበት አለው? ሞላው ጠንካራ ነው? አብርታችሁ መዳፋችሁን መታ መታ አድርጉበት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ተዉት።

ሻጩ “አባባ፣ ይች እኮ ዓመት ታበራለች” ቢል መልሱ ቀላል ነው፦ “እንግዲያው ልጄ፣ ለመንፈቅ ያህል ቃልህን ስጠኝ።” ለሶላር መብራቶች የዓለም ባንክ ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. በጀመረው ፕሮግራም የተዘጋጀው የጥራት መስፈርት ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ይጠይቃል። ዋስትና መጠየቅ ነውር አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጉም በሚወርድበት የጉና ደጋ ነጭ ብርሃን ግንባር ላይ ሲታሰር ጉሙን መልሶ ዓይን ላይ ይደፋዋል። ባትሪውን ወገብ አካባቢ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ የጉድጓዱና የድንጋዩም ጥላ ያን ጊዜ ይለያል።

ባትሪው የማን ነው?

እስካሁን ስለ መንገደኛው ተናገርን። ቤት ስለቀሩትስ? በአንድ ቤት አንድ ባትሪ ካለ ባትሪው ከሚወጣው ሰው ጋር ይወጣል፤ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። እናት ሌሊት ለታመመ ልጅ ስትነሣ፣ ልጅቷ ወደ ደጅ ስትወጣ፣ ምጥ ሲመጣ፣ ያለው የምድጃ ፍም ነው። ችቦ የሰፈር ነበር፣ ፋኖስ የቤት ነበር፤ ባትሪ ግን የአንድ ኪስ ሆነ። ታሪኩን ሁሉ ዘርዝረን የደረስነው እዚህ ነው። ይህ ብርሃን ደምቋል፣ ረክሷል፣ ረዝሟል፤ ክፍፍሉ ግን አብሮት አልተስተካከለም።

ስለዚህ ምክራችን ከካርቶኑ ምክር ይለያል። በአንድ ትልቅና ደማቅ ባትሪ ዋጋ ሁለት መካከለኛ ባትሪ ማግኘት ከተቻለ ሁለቱ ይሻላሉ፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለቤት። የቤቱ ከምሰሶ ላይ ይሰቀል፤ ማንም በጨለማ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ ይኑረው። የሞተውም ድንጋይ ከልጆች እጅና ከምንጭ ውሃ ይራቅ።

የዓለም ባንክ አኃዝ እንደሚያሳየው በ2022 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚው ከሕዝቡ ግማሽ ጥቂት ቢያልፍ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ዓባይ ጉባ ከመድረሱ በፊት የስማዳን ቆላ እግር አጥቦ ያልፋል። ውሃው ያለፈበት አገር ሰው ብርሃኑን እስኪያገኝ ድረስ የአርብ ገበያው ምርጫ ተራ ሸመታ አይሆንም። ሌሊቱን ማን ያየዋል፣ ማንስ ይዳብሰዋል የሚለውን የሚወስን ነውና።

ቸር እንሰንብት።